ዜማን ፍለጋ የሚደረግ ጉዞ



የአንድን ማኅሌታይ ሕይወት ለማወቅ መጽሐፍ ማንበብ ይጠቅማል፤ ይሁን እንጂ ዜማው የሚነገርበትን ስፍራ ሄዶ ያላየ፣ ከመምህር አፍም ያልሰማ ሰው ትምህርቱ ጎዶሎ ነው። ስለዚህ በዚህ ጥናት ሁለት ምሳሌዎችን እንመለከታለን።

1. ባኽ ያደረገው ጉዞ

ዮሐን ሰባስትያን ባኽ በ1685 እ.ኤ.አ. በጀርመን ሀገር በአይዘናኽ ተወለደ። ዐሥር ዓመት ሳይሞላው ወላጆቹን አጥቶ በታላቅ ወንድሙ ቤት አደገ። በ1705 እ.ኤ.አ. በአርንሽታት ቤተ ክርስቲያን የኦርጋን ተጫዋች ሳለ የአራት ሳምንት ፈቃድ ጠየቀ። ቡክስቴሁደ የተባለውን አንጋፋ ሊቅ ለመስማት ወደ ሉቤክ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ተጓዘ፤ የተመለሰው ግን ከአራት ወር ገደማ በኋላ ነበር። ሽማግሌዎቹ ስለ መዘግየቱ ገሠጹት፤ በምእመናን መዝሙር ላይ እንግዳ ድምፅ እየጨመረ ዘማሪውን ግራ አጋብቷል ሲሉም ከሰሱት። እንግዲህ ዕውቀትን ፍለጋ መድከሙ ያስመሰግነዋል፤ የተማረ ሰው ሕዝቡን ወደ ኋላ ጥሎ ብቻውን እንዳይሮጥ ግን ያስጠነቅቀናል።

2. የቅዱስ ያሬድ መንገድ

በስድስተኛው መቶ ዓመት በአክሱም የኖረው ቅዱስ ያሬድ ትምህርት አልገባ ብሎት ከመምህሩ ከጌዴዎን መኮብለሉን ገድሉ ይተርካል። ደጋግማ እየወደቀች በመጨረሻ ዛፉን የወጣችውን ትል አይቶ ተመለሰ። ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ዜማዎች፣ ድጓውና ዝማሬው ለእርሱ ይሰጣሉ።

ይህ ሀብት ለእኛ ሩቅ አይደለም። ኮን የምትገኝበት ዋድላ በቅኔ ትምህርት የታወቀ ሀገር ነው። ከወልድያ በጋሸና በኩል የሚያልፈው መንገድ ወደ ጋይንት ያደርሳል፤ በዚያም ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ቤቶች ናቸው። የቆሎ ተማሪዎች ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ ይዘው፣ በደጀ ሰላምና በየመንደሩ እህል እየለመኑ፣ ከመምህር ወደ መምህር ሲዘዋወሩ ኖረዋል። እነዚህን ጉባኤ ቤቶች የጠበቁልን የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሊቃውንት ናቸው፤ በግእዝ ሥርዓት የምንቀድስ ካቶሊካውያንም የዚሁ ዜማ ባለ ዕዳዎች ነን።

3. ጉዞውን ስናዘጋጅ

ከመነሣታችን በፊት ሦስቱን ዜማዎች በጆሮ ለመለየት እንለማመድ፤ መምህራኑንም አስቀድመን እናስፈቅድ። በስፍራው ከመጠየቅ ይልቅ ማድመጥን እናስቀድም። ቴፕ ድምፁን ያስቀራል፤ የተሳሳተውን ተማሪ ግን አያርምም፤ እርማት የሚገኘው ከመምህሩ ፊት ሲቀመጡ ነው። ስንመለስ አንዲት ምልጣን እንኳ ብትሆን ለቁምስናችን ሕዝብ በትዕግሥት እናስተምር፤ አለዚያ ጉዟችን ሽርሽር ሆኖ ይቀራል።

ለውይይት፦
ሀ) የባኽ ሽማግሌዎች ተግሣጽ ተገቢ ነበርን? ስለ ምን?
ለ) በቁምስናችን ዜማውን አጥርቶ የሚያውቅ ማን ነው? ከእርሱስ የሚማር ተተኪ አለን?