በዝናብ ማለዳ የማይነሳ መኪና

ዕድሜያቸውን በጋራዥ ያሳለፉ አንድ የሆሳዕና መካኒክና በዱራሜ መንገድ አሮጌ ኮሮላ የሚነዳ ወጣት የተመላለሱት ነው።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ክረምቱ ከገባ ወዲህ መኪናዬ ማለዳ አልነሳም ይለኛል። ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ግን ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ሰው ሁሉ ባትሪ ቀይር ይለኛል። ልግዛ?

መካኒኩ፦ ቆይ፣ አትቸኩል። ቁልፉን ስታዞር ምን ትሰማለህ?

ወጣቱ፦ ያው አይነሳም።

መካኒኩ፦ «አይነሳም» አይበቃኝም ልጄ። ጭራሽ ዝም ካለ፣ «ጭክ» ብሎ ከቀረ ወይም እያቃሰተ በዝግታ ከዞረ፣ ችግሩ ያለው በባትሪው፣ በገመድ ማሰሪያው በሞርሴቶው ወይም ሞተሩን በሚያዞረው በሞተሪኖው ነው። በደንብ እየዞረ አልነሳ ካለ ግን ባትሪው የድርሻውን ተወጥቷል፤ የጎደለው ወይ የካንዴላ እሳት ነው ወይ ነዳጅ። ይህን ሳይለዩ ዕቃ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ወጣቱ፦ የእኔስ በደንብ ይዞራል። ግን ብርድ ባትሪ ይገድላል ይባላል እኮ።

መካኒኩ፦ መሠረት አለው። ቅዝቃዜው ዜሮ ዲግሪ ሲደርስ የባትሪ የማስነሻ ጉልበት በሲሶ ያህል ይቀንሳል፤ የሞተር ዘይትም ስለሚወፍር ሞተሩን ማዞር ይከብዳል። የሆሳዕና የክረምት ሌሊት ግን እስከዚያ አይወርድም። የእኛ ብርድ ደህናውን ባትሪ አይገድልም፤ የደከመውን ያጋልጣል። በግምት እንዳትሄድ በቴስተር ለካ። አድሮ ማለዳ ላይ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ነው፤ ከ12 በታች ከሆነ ቻርጅ ይፈልጋል። ሞተሪኖው እያዞረ ሳለ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል። ሞተሩ ተነስቶ ወደ 14 ቮልት ካልተጠጋ ደግሞ ጥፋቱ የዲናሞው ነው፤ አዲስ ባትሪ ብትገዛም እሱንም ባዶ ታደርገዋለህ።

ወጣቱ፦ ሞርሴቶው ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር ይታየኛል።

መካኒኩ፦ እሱ ብቻውን ስንቱን ባትሪ ያለ ጥፋቱ አስጥሏል! መጀመሪያ ኔጌቲቩን፣ ቀጥለህ ፖዘቲቩን ፍታ። ሶዳ በሞቀ ውኃ በጥብጠህ በብሩሽ እጠብ፤ በደንብ ይድረቅ። ስትመልስ ፖዘቲቩ ይቀድማል፣ ኔጌቲቩ በመጨረሻ ይታሰራል። በእጅህ ስትነቀንቀው መነቃነቅ የለበትም፤ ከላይ ግራሶ ቀባው።

ወጣቱ፦ እንግዲህ የእኔ ባትሪ ካልሆነ ረፋድ ላይ የሚያስነሳው ምንድን ነው?

መካኒኩ፦ ፀሐይዋ። ሌሊት ጉም ያደረበት መኪና ኮፈኑ ሥር ሁሉ ነገር ይረጥባል። ቦቢናው፣ እናንተ ኮይል የምትሉት፣ የባትሪውን 12 ቮልት ሃያ ሺህና ከዚያም በላይ አድርጎ ነው ወደ ካንዴላ የሚልከው። እንዲህ ያለ ኃይለኛ እሳት አቋራጭ ካገኘ ካንዴላ ድረስ አይደክምም። እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለው የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ከተሰነጠቀ ወይም የካንዴላ ገመዱ ካረጀ፣ በእርጥበትና በአቧራ ላይ ተንሸራቶ ወደ ሞተሩ ብረት ያመልጣል። ቀን ሲሞቅ እርጥበቱ ይተናል፤ መኪናው ይነሳል፤ አንተም ዳነ ብለህ ትረሳዋለህ። ችግሩ ግን አልሄደም።

ወጣቱ፦ እንዴት አረጋግጣለሁ?

መካኒኩ፦ ገና ሳይነጋ ኮፈኑን ክፈትና ሌላ ሰው ቁልፉን ያዙርልህ። ገመዶቹንና ክዳኑን በእጅህ አትንካ፤ ራቅ ብለህ ተመልከት። በላያቸው ሰማያዊ ብልጭታ ካየህ ሌባውን ያዝከው። ከዚያ ቁልፉን አጥፋ፤ የገመዶቹ ተራ እንዳይዛባብህ ምልክት አድርግባቸውና ክዳኑን አንሳ። ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ጥረግ፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር ስንጥቅ ካየህ ክዳኑ ይቀየር። ደርቆ ከተነሳ ምክንያቱ ታወቀ ማለት ነው፤ የምትገዛው ክዳን ወይም ገመድ እንጂ ባትሪ አይደለም።

ወጣቱ፦ የጎረቤቴ ቪትዝስ? ዲስትሪቢዩተር የለውም።

መካኒኩ፦ በእያንዳንዱ ካንዴላ አናት ላይ የየራሱ ኮይል አለው። እርጥበት ብዙ አያስቸግረውም፤ ነገር ግን ሞተሩን በግፊት ውኃ ያሳጠቡት ሰዎች ማግስቱን ይመጣሉ። ውኃው ካንዴላው የተቀመጠበት ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል።

ወጣቱ፦ እሳቱ ደህና ሆኖ ካልተነሳስ?

መካኒኩ፦ ካንዴላ ፍታና እይ። ደጋግመህ ካዞርከው በኋላ ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰም፤ ፖምፓውን ወይም ፊልትሮውን ተመልከት። በቤንዚን ከራሰ ጠጥቶ ታንቋል። እኛ ዘንድ ይህ የሚበዛበት ምክንያት አለ። ሆሳዕና ከባሕር ጠለል ወደ 2,300 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ሲመጣ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ በዚያ ላይ ቾክ ስቦ ነዳጅ ደጋግሞ የሚረግጥ ሰው አለ። ከታነቀ ቾኩን መልስ፤ ነዳጅ መስጫውን እስከ ታች ረግጠህ ሳትለቅ ለጥቂት ሴኮንድ አዙር፤ አየር ገብቶ ያጥበዋል። ከአሥር ሴኮንድ በላይ አታዙር፤ አንድ ደቂቃ አሳርፈው፤ አለዚያ ሞተሪኖው ይቃጠላል።

ወጣቱ፦ አይሱዙ የሚነዱትስ ምን ያድርጉ?

መካኒኩ፦ ናፍጣ በካንዴላ እሳት አይነሳም፤ ተጨምቆ በጋለ አየር ነው የሚቀጣጠለው። አየሩን ቀድሞ የሚያሞቅ ካንዴሌታ ያለው ከሆነ መብራቱ እስኪጠፋ ጠብቆ ማስነሳት ነው። ከዚያ በላይ ጠላቱ ውኃ ነው። ግማሽ ባዶ የሆነ ታንክ ሌሊት ውስጡ ያላበዋል፤ በጀሪካን የተገዛ ናፍጣም ውኃ ይዞ ይመጣል። በፊልትሮው ሥር ያለውን ማፍሰሻ ፈታ አድርገህ ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ አፍስስ። ማታ ታንክ ሞልቶ ማሳደር ደግሞ ውኃው እንዳይጠራቀም ይከላከላል።

ወጣቱ፦ ልጆች ጠርቼ አስገፍቼ ባስነሳውስ?

መካኒኩ፦ ባትሪ ለደከመበት ማንዋል መኪና ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ይቻላል፤ አውቶማቲክ አይሆንም። እንደ ዶዮገና ባለ እርጥብ ቁልቁለት ግን አታድርገው። ሞተሩ ሳይሠራ ፍሬንም መሪም ይከብዳል፤ ከፊት የቆመ ሰው ይጎዳል። የአንተ ችግር የእሳት ከሆነ ደግሞ ቢገፋም አይነሳም።

ወጣቱ፦ በያሆዴና በመሳላ በዓላት ሰሞን ከአዲስ አበባ የሚመጡ መኪኖችም እንዲህ ይሆናሉ።

መካኒኩ፦ መስከረም ላይ ዝናቡ ገና አልወጣም፤ በአዲስ አበባ ጣሪያ ሥር ያደረ መኪና ገጠር ደርሶ ሣር ላይ ያድራል። የተደበቀው ስንጥቅ ያን ጊዜ ይወጣል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ያለንን መኪና ነው ለብዙ ዓመት የምንነዳው። ስለዚህ ክዳኑም፣ ገመዱም፣ ሞርሴቶውም በግንቦት ይፈተሽ፤ ሐምሌ ላይ መንገድ ዳር ቆመን አንፈትሽ።

ወጣቱ፦ እንግዲህ ነገ ማለዳ መጀመሪያ ድምፁን እሰማለሁ፤ በጨለማ ብልጭታውን አያለሁ፤ ክዳኑን አደርቃለሁ፤ ካልሆነ ካንዴላውን እፈታለሁ።

መካኒኩ፦ በዚሁ ተራ ሂድ። ደግሞ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ንካ፤ እያንዳንዱን ከነካህ በኋላ አስነሳው። ሦስት ዕቃ በአንዴ ቀይሮ መኪናው የተነሳለት ሰው የቱ እንዳስነሳው አያውቅም፤ በሚቀጥለው ክረምት ሦስቱንም እንደገና ይገዛል። አንድ በአንድ የሞከረ ግን ለራሱም ለጓደኛውም የሚነግረው ያገኛል።