የአሮጌ መኪና ማራገቢያ በኤሌክትሪክ ሲተካ፦ የመስቀል አደባባይ ፊዚክስ

በሥራ መውጫ ሰዓት በመስቀል አደባባይ በኩል የሚያልፍ ሰው አንዳንድ ጊዜ ይህን ያያል፤ ኮፈኗ የተከፈተ አሮጌ ላዳ ታክሲ ጥግ ይዛ ቆማለች፣ ከራዲያተሯ እንፋሎት ይትጎለጎላል፣ ሹፌሩም የውሃ ጀሪካን ይዞ እስክትበርድ ይጠብቃል። ከአላፊ አግዳሚው የሚሰነዘረው ምክርም የታወቀ ነው፦ «ጋሼ፣ ቬንትሌተሩን በኤሌክትሪክ ያስቀይሩት!» ምክሩ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። ትክክል የሚሆንበት ምክንያት ግን በተለምዶ ከሚነገረው ይለያል፤ ምክንያቱን ሳይረዱ ያስቀየሩ ባለመኪኖች ገንዘባቸውን ካወጡ በኋላም ሞተራቸው ሲፈላ ያያሉ።

ከፊያት 124 የተወረሰችው የመጀመሪያዋ ላዳ ማራገቢያዋ በውሃ ፓምፑ ዘንግ ላይ የተገጠመ ነው። ሁለቱንም የሚያዞራቸው ከሞተሩ የሚመጣው ቺንጋ በመሆኑ ማራገቢያው የሞተሩን ፍጥነት ተከትሎ ይፈጥናል፣ ይዘገያል። ማራገቢያ የሚገፋው የአየር መጠን ከፍጥነቱ ጋር እኩል ይጨምራል፤ የሚፈጀው ኃይል ግን በፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ያድጋል። ሞተሩ በደቂቃ ከ3,200 ዙር ወደ 800 ዙር (ሚኒሞ) ሲወርድ አየሩ ወደ አንድ አራተኛ፣ የሚፈጀው ኃይል ወደ አንድ ስልሳ አራተኛ ይቀንሳል ማለት ነው። ከአደባባዩ ወደ አራት ኪሎ የሚወስደውን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ለምትወጣ መኪና ይህ ጥሩ ነው፤ ሞተሩ ሲደክም ማራገቢያው ይበረታል። በሰፊ መንገድ በፍጥነት ለምትሄድ መኪና ደግሞ ከፊት የሚመጣው ነፋስ ስለሚበቃ የማራገቢያው ኃይል ብክነት ነው። በተጨናነቀ መንገድ ለቆመች መኪና ግን ነፋሱም የለም፣ ማራገቢያውም ደክሟል።

እስቲ እናስላው። ቆሞ የሚሠራ ሞተር በሰዓት 1 ሊትር ያህል ቤንዚን ይፈጃል እንበል። አንድ ሊትር ቤንዚን 32 ሜጋጁል ገደማ ኃይል ስለሚይዝ ይህ ወደ 9 ኪሎዋት ይሆናል፤ ከዚህ ሲሶው፣ ማለትም 3 ኪሎዋት፣ ወደ ማቀዝቀዣው ውሃ ይገባል። በሞተሩ ውስጥ 8 ሊትር ውሃና 80 ኪሎግራም ብረት ቢኖር፣ ሁለቱን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 70 ኪሎጁል ያህል ያስፈልጋል። ራዲያተሩ ምንም አየር ባያገኝ ሙቀቱ በየ23 ሴኮንዱ አንድ ዲግሪ ይጨምራል፤ ከ85 ወደ 92 ዲግሪ ሴልሺየስ ለመድረስ ሦስት ደቂቃ አይሞላም።

92ን የመረጥነው በዘፈቀደ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቷ 77 ኪሎፓስካል ገደማ ስለሆነ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚህ ላይ አየራችን ስስ ነው። 3 ኪሎዋት ሙቀት ለመውሰድ፣ አየሩ በራዲያተሩ ሲያልፍ በ30 ዲግሪ ቢሞቅ፣ በሴኮንድ 0.1 ኪሎግራም አየር ያስፈልጋል። ይህ በባሕር ወለል 0.083 ሜትር ኩብ ነው፤ እዚህ 0.109። ስለዚህ ያው ማራገቢያ እዚህ ሲሶ ያህል ተጨማሪ አየር መግፋት ይኖርበታል።

ሞተሩን የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው። የላዳ ክዳን ግፊቱን በግማሽ አትሞስፌር ያህል ስለሚጨምር ውሃው እስከ 106 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። ጎማው ያረጀ፣ ግፊት የማይዝ ክዳን ግን ወደ 92 ይመልሰናል። በብዙ ላዳዎች ላይ የሚገጠመው የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ማብሪያ (ሴንሰር) ደግሞ በ92 ያበራል፣ በ87 ያጠፋል! የሚገጠመውም በራዲያተሩ ታችኛ ክፍል ነው፤ እዚያ የሚደርሰው ውሃ በመጠኑ ቀዝቅዟል። እዚያ 92 ሲነበብ ላይኛው የሞተሩ ክፍል አልፎ ሄዷል፤ ማራገቢያው የሚነሣው ውሃው ከፈላ በኋላ ነው። «ኤሌክትሪክ አስገጥሜም ይፈላል» የሚባለው አቤቱታ አንዱ ምንጭ ይኸው ነው። መፍትሔው መጀመሪያ ክዳኑን መለወጥ፣ ቀጥሎም ዝቅ ባለ ሙቀት፣ ለምሳሌ በ87፣ የሚያበራ ማብሪያ መምረጥ ነው። ከዚያ እጅግ ዝቅ ማድረግም አይበጅም፤ ቴርሞስታቱ ራሱ መከፈት የሚጀምረው በ80 አካባቢ በመሆኑ ማራገቢያው ያለ ዕረፍት ሲዞር ይውላል።

«ኤሌክትሪክ ነዳጅ ይቆጥባል» የሚለውስ? የኤሌክትሪኩም ኃይል የሚመጣው ከዚያው ሞተር ነው፤ በቺንጋ ወደ ዲናሞ፣ ከዲናሞ ወደ ማራገቢያው ሞተር ሲሻገር በየደረጃው ይባክናል። ለአንድ መጠን አየር የኤሌክትሪኩ ወጪ ይበልጣል እንጂ አያንስም። ቁጠባው የሚገኘው ነፋስ ሲበቃ ማራገቢያው ስለሚጠፋ ነው። ቀኑን ሙሉ በመጨናነቅ ውስጥ ለሚሠራ ታክሲ ትርፉ ነዳጅ ሳይሆን በሚኒሞም ሙሉ አየር ማግኘቱ ነው።

የዲናሞውም አቅም ይታሰብ። ማራገቢያው 10 አምፔር፣ የፊት መብራቶች 9፣ የዝናብ መጥረጊያው 3፣ የሞተሩ ማቀጣጠያ 4 ቢወስዱ በክረምት ምሽት 26 አምፔር ይጠየቃል። አሮጌ ዲናሞ በሚኒሞ 16 ብቻ ቢያወጣ ጎዶሎው 10 አምፔር ከባትሪው ይቀዳል፤ 55 አምፔር-ሰዓት ያለው ባትሪ በሁለት ሰዓት መጨናነቅ ከሲሶ በላይ ይራቆታል። ስለዚህ ዲናሞው አስቀድሞ ይለካ። ማራገቢያውም በቀጥታ በማብሪያው ሳይሆን በሪሌ፣ በራሱ ፊውዝና ወፈር ባለ ሽቦ ይገናኝ፤ ሲነሣ የሚስበው ጅረት ከተለመደው በብዙ ይበልጣልና። የድሮው ምላጭ ይወልቃል እንጂ ቺንጋው አይነካም፤ የውሃ ፓምፑንና ዲናሞውን የሚያዞረው እርሱ ነው።

በዚያው አደባባይ የሚያልፈው አሮጌ ቮልስዋገን ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ራዲያተርም ውሃም የለውም፤ ከዲናሞው ዘንግ ጋር የሚዞረው ማራገቢያ አየሩን በቀጥታ በሲሊንደሮቹ ላይ ስለሚነፋ ሞተሩ በሠራ ቁጥር መዞር አለበት። እዚያ ቀዩ የዲናሞ መብራት ከበራ ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላልና ሹፌሩ መኪናውን እዚያው ጥግ አስይዞ ማጥፋት አለበት።