የካርታው ርቀትና የመኪናው መንገድ፤ ነጋዴ በየትኛው ያስላ?

ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ በካርታ ላይ ቀጥታ ቢለካ 67 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የምትበር ትንሽ አውሮፕላን፣ መነሻና ማረፊያው ሳይታሰብ፣ በ20 ደቂቃ ትጨርሰዋለች። ይሁን እንጂ በሁለቱም ከተሞች መደበኛ በረራ የለም፤ በመካከላቸውም የጉራጌ ተራሮች ተጋርጠዋል። ተራራውን ሸሽቶ በጅማ መንገድ ወደ ዓለም ገና ወጥቶ፣ ከዚያ ወደ ቡታጅራ የሚታጠፍ የጭነት መኪና 250 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ይህም የቀጥታው ርቀት አራት እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው። በአማካይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢነዳ 5 ሰዓት ይፈጅበታል፤ መጫኛና ማራገፊያው ሲታከልበት ቀኑ መሸ ማለት ነው።

ታዲያ ነጋዴው ከዚህ ምን ይማራል? ደረቅ በርበሬ ቢዘገይ አይበላሽምና ወጪው በኪሎ ሜትር፣ ማለትም በነዳጅና በኪራይ ይሰላል። ጫት ግን ከተቀጠፈ በኋላ በየሰዓቱ ይጠወልጋል፤ ስለዚህ ሂሳቡ በሰዓት ነው። በርካሽ ኪራይ ተስማምቶ ጫቱ ጠውልጎ የደረሰበት ነጋዴ፣ በኪራዩ ያተረፈውን በገበያው ይከስራል። ዋጋ ከመቁረጥ በፊት ማስመሪያውን አስቀምጦ ሹፌሩን «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብሎ መጠየቅ ይበጃል።