የኩላሊት እጥበት ሕመምተኞችና ማኅበራዊ ኑሯቸው

ስለ ኩላሊት ሕመም ሲወራ ቶሎ የሚነሳው የገንዘቡ ጉዳይ ነው። እኔ ግን በዚህ አጭር ጽሑፌ ሕመምተኛው ከሰው ጋር እንደ ቀድሞው እንዳይኖር የሚያደርጉትን የሥነ ልቦና ምክንያቶች ለማየት እሞክራለሁ። “የጋዜጠኝነት ተማሪን ይሄ ምን አገባው?” የሚል አንባቢ ካለ ትንሽ ይታገሰኝ።

እንደሚታወቀው ኩላሊቶቹ ሥራ ያቆሙበት ሰው ደሙ በማሽን ይታጠባል። የተለመደው በሳምንት 3 ጊዜ፣ በየጊዜው 4 ሰዓት ገደማ ነው። እኛ አገር በአቅም ማነስ በ2 ቀን የሚወሰኑ ብዙ ናቸው። ከእጥበት በኋላ ድካሙ ስለሚጥል ያ ቀን እንዳለ ሄደ ማለት ነው። ሥራም ትምህርትም የሚቋረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ትናንት ቤተሰቡን ያስተዳድር የነበረ አባወራ ዛሬ ልጆቹ ደግፈው ታክሲ ያስገቡታል። ሸክም ሆንኩባቸው የሚለው ስሜት ወደ ድብርት ይወስደዋል።

ውሃም አለ። የማይወጣ ፈሳሽ ሰውነት ውስጥ ስለሚጠራቀም የሚጠጣው ሁሉ ይለካል፤ ሾርባውም ሳይቀር። ሙዝና ድንች ደሞ ፖታሲየም ስላላቸው ቀንስ ይባላል፤ ፖታሲየም ደም ውስጥ ሲበዛ ልብን ሊያቆም ይችላል። እንግዲህ ይሄን ሰው ቡና የተፈላበት ቤት አስገቡት። አቦል ይጠጣል እንበል፣ ቶናና በረካን ግን ሲተው “ምነው ጠላኸን?” ይባላል። በየቤቱ ከማስረዳት መቅረት ይቀለዋል። እኛ ሰፈር እጥበት ላይ ያሉ አንድ ጋሼ ሰው ከንፈር ሲመጥላቸው ላለመስማት በጓሮ መንገድ ነው የሚሄዱት።

ከሁሉ የከበደው ግን በሰው ፊት “ለመዳን ይገባኛል” ብሎ ማስረዳቱ ይመስለኛል። ይሄ በእኛ አልተጀመረም። አሜሪካ፣ ሲያትል ውስጥ ዶክተር ስክሪብነር እ.ኤ.አ. በ1960 እጥበትን ለረጅም ጊዜ መስጠት የሚያስችል ዘዴ ሲያገኙ ማሽኑ ጥቂት፣ ሕመምተኛው ብዙ ነበር። ማን ይታጠብ የሚለውን የሚወስን 7 ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ። ሥራው፣ ልጆቹ፣ ቤተ ክርስቲያን መሳሙ ሳይቀር ይታይ ነበር። በ1962 ይህን በላይፍ መጽሔት ለሕዝብ ያወጣችው ጋዜጠኛ ሻና አሌክሳንደር ናት። በ1972 የአሜሪካ መንግሥት ወጪውን የሚሸፍን ሕግ አወጣ።

እኛ ጋ ኮሚቴ የለም፤ ፎቶና የባንክ ሒሳብ ቁጥር ግን አለ። ከሥሩ “የሦስት ልጆች እናት”፣ “ጎበዝ ተማሪ” ብለን እንጽፋለን። ኧረ ልጅም ማዕረግም የሌለውስ ምን ይባልለት? ገንዘቡ ተገኝቶ እንኳ ጣጣው አያልቅም። ሕዝብ ያዋጣለት ሰው ሠርግ ላይ ቢስቅ፣ አዲስ ጫማ ቢያደርግ “በእኛ ብር” እንዳይባል ይሳቀቃል። ስለዚህ ሠርጉንም ይተወዋል።

ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 ተጀምሯል። እሱም ቢሆን ወንድምን ወይም እህትን “ኩላሊትህን ስጠኝ”፣ “ስጪኝ” ማለትን ያመጣል፤ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።

በሳምንት 3 ቀን የሚታጠብ ሰው ሌሎች 4 ቀናት አሉት። በእነዚያ ቀናት ምን እንደሚሠራ፣ ማን ቤት እንደሚሄድ የጠየቀ ዘገባ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።