አውቶማቲክ ካምቢዮ በአርሲ ዳገት

ከአዳማ በደራ፣ በኢተያና በጎንዴ አድርጎ አሰላ የሚያደርሰው መንገድ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዳማ 1,600 ሜትር፣ አሰላ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆኑ መኪና አብዛኛውን መንገድ ሽቅብ ይጓዛል። ቱርቦ የሌለው ሞተር አሰላ ሲደርስ አየሩ ስለሚሳሳ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል። ሾፌሩም ነዳጁን አጥብቆ ይረግጣል፤ ጫናው የሚያርፈው ካምቢዮው ላይ ነው።

በማኑዋል መኪና ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘው ፍሪሲዮን ነው። በአውቶማቲክ ይህን ሥራ የሚሠራው ዘይት ነው። ኮንቨርተር በሚባለው ክብ ዕቃ ውስጥ በሞተሩ የሚዞረው ክንፍ ዘይቱን ይገፋል፤ ዘይቱ ደግሞ ፊት ለፊት ያለውን ክንፍ ያዞራል። ማርሽ የሚቀይረውም ያው ዘይት ነው። ዳገት ላይ ሁለቱ ክንፎች እኩል ስለማይዞሩ ዘይቱ በመሃል እየተናጠ ይግላል፤ ከልክ በላይ ሲግልም ይቃጠላል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በእጃችን ያለችውን መኪና ዕድሜ ማራዘም ግድ ሆኗል። የሚጀመረውም ከዚሁ ዘይት ነው።

መጀመሪያ የዘይቱን ዓይነት ከመኪናው መጽሐፍ ያረጋግጡ። «ቀይ ዘይት ሁሉ አንድ ነው» የሚልዎትን አይስሙ። የቀድሞዎቹ ቪትዞች አውቶማቲክ ካምቢዮ ባለ 4 ማርሽ ነው፤ ከኋለኞቹ ብዙዎቹ ግን ማርሹ በቀበቶ የሚሠራ ሲቪቲ ናቸው። ሲቪቲ የራሱ ዘይት አለው፤ የሌላው ከተጨመረበት ቀበቶው እየተንሸራተተ ይበላል።

ቀጥሎ ይለኩ። 20 ደቂቃ ያህል ነድተው ሜዳ ቦታ ያቁሙ። ሞተሩን ሳያጠፉ፣ ፍሬን እንደያዙ ማርሹን ከፒ እስከ መጨረሻው እያንዳንዱ ላይ ትንሽ እያቆዩ ይውሰዱትና ወደ ፒ ይመልሱት። የመለኪያ ዘንጉን አውጥተው በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ፤ መልሰው ከተው ያውጡና ለጋለ ዘይት በተሠራው ምልክት ያንብቡ። ሆንዳ ከሆነች ሞተሩን አጥፍተው ወዲያው ይለኩ። ዘንግ የሌላቸው መኪናዎች አሉ፤ እነሱን መካኒክ ከሥር ቡሎን ፈትቶ ይለካቸው። ጥርት ያለ ቀይ ደህና ነው። ጠቁሮ የማረር ሽታ ካለው ዘይቱ ተቃጥሏል። ወተት እንደገባበት ከደፈረሰ ከራዲያተሩ ውኃ ገብቶበታል፤ መኪናዋን አያንቀሳቅሱ።

ዘይቱ መቼ እንደሚቀየር መጽሐፉ ይናገራል። እኔ ግን በዚህ ዳገትና አቧራ ከ40,000 ኪሎ ሜትር አላሳልፍም። ከሥር ሲፈስ የሚወጣው ከፊሉ ብቻ ነው፤ የቀረው ኮንቨርተሩ ውስጥ ይተኛል።

ወደ ላይ ሲወጡ ማርሹ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እያለ ካስቸገረ ኦቨርድራይቩን ያጥፉት። ከአሰላ ወደ ደራ ሲወርዱ ወደ 2 ወይም ወደ ኤል፣ በሲቪቲ ደግሞ ወደ ቢ ዝቅ ያድርጉና ሞተሩ ይያዝልዎ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ መውረድ ፍሬን ያነዳል፤ ይህን የማያደርግ ሾፌር ማየት እመኛለሁ።

ዳገት ላይ ሲያቆሙ ፍሬኑን እንደረገጡ ወደ ኤን ያስገቡ፣ የእጅ ፍሬን ይሳቡ፣ እግርዎን ያንሡና መኪናዋ በእጅ ፍሬኑ ትረፍ። ከዚያ ፍሬኑን ዳግም ረግጠው ፒ ያስገቡ። ፒ ላይ መኪናዋን የሚይዘው አንዲት ትንሽ የብረት ጥርስ ናት፤ ክብደቱን ሁሉ አያሸክሟት።

በክረምት በቆጂ አካባቢ ጭቃ ከያዘዎት በዲና በአር እያፈራረቁ አይታገሉ፤ ካምቢዮው በደቂቃዎች ይግላል። ከጎማው ሥር ገለባ ወይም ድንጋይ አስገብተው ቀስ ብለው ይውጡ። ከተበላሸችም በገመድ አያስጎትቷት። ዘይቱን የሚያሽከረክረው ፓምፕ የሚሠራው ሞተሩ ሲዞር ብቻ ስለሆነ ጎማው ከዞረ ካምቢዮው በደረቁ ይፈጫል። በፊት ጎማ የምትነዳ ከሆነች ፊቷ ተነሥቶ፣ በአራቱም የምትነዳ ከሆነች ሙሉ በሙሉ ተጭና ትሂድ።