ኳስ ሳይነኩ ሰርቭ መለማመድ፦ ለወጣት የመረብ ኳስ ተጫዋቾች

በካኩማ ሜዳዎች አንድ ኳስ ለብዙ ልጆች ነው። ተራ የሚጠብቀው ፀሐይ ላይ ይቆማል፤ እግሩ ወለም ያለው ደግሞ ጭራሹን ይቀራል። በዚህ ትምህርት በአእምሮ እንዴት መለማመድ እንደሚቻልና መቼ ማቆም እንደሚገባ እንመለከታለን።

ሀ. የአእምሮ ልምምድ ምንድን ነው?

ሰውነትን ሳያንቀሳቅሱ፣ ልክ እንደሚሠሩት ሆኖ እስኪሰማ ድረስ አንድን እንቅስቃሴ በሐሳብ መሥራት ነው። «እናሸንፋለን» ብሎ መመኘት አይደለም። በዚህ ጊዜ እንቅስቃሴን የሚያቅዱ የአንጎል ክፍሎች ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ የብዙ ጥናቶች ግምገማ ልምምዱ ችሎታን እንደሚያሻሽል አሳይቷል። ሆኖም ጥቅሙ በአካል ከመለማመድ ያነሰ ነው፤ ጊዜ ሲያልፍም ይቀንሳል። ስለዚህ ሁለቱን አጣምሩ፤ ደጋግሙም።

ለ. እንዴት ይሠራል?

እ.ኤ.አ. በ2001 ሆምስና ኮሊንስ የተባሉ ተመራማሪዎች ልምምዱ በአቋምም፣ በቦታም፣ በፍጥነትም እውነተኛውን ጨዋታ እንዲመስል መክረዋል። ተጫዋቹ ብቻውን ስለሚመታው በሰርቭ ጀምሩ።

1. ልጁ ጥላ ሥር ሰርቭ እንደሚመታ ሆኖ ይቁም። ኳስ ከሌለ የተጠቀለለ ጨርቅ ይያዝ።
2. ሦስት ጊዜ በቀስታ ይተንፍስ።
3. ከፊቱ በ9 ሜትር ርቀት መረቡን፣ ከማዶም ኳሱ የሚያርፍበትን ቦታ በሐሳቡ ይመልከት።
4. በእውነተኛው ፍጥነት ይሥራው፦ ኳሱን ሲወረውር፣ ክንዱን ወደ ኋላ ሲስብ፣ መዳፉ ኳሱን ሲመታ፣ ኳሱ መረቡን አልፎ ሲያርፍ።
5. አምስት ጊዜ ይድገም። ተራው ሲደርስ አምስት ሰርቭ በእውነተኛ ኳስ ይምታ።

በሐሳቡም ኳሱ መረብ ከነካበት አትቆጡት፤ ከውርወራው ጀምሮ ቀስ ብሎ ያስተካክል። በቦኖ ወረፋ የምትጠብቅ ልጅም እዚያው ሆና መለማመድ ትችላለች። እግሩ ወለም ያለው ተቀምጦ ይሥራ፤ ከቡድኑ አይለይ። ይህ ግን ሕክምና አይደለም፤ መርገጥ ካቃተው ወደ ክሊኒክ ይምጣ። የኳሱን ልምምድ በማለዳ ወይም ወደ ማታ አድርጉት፤ ውኃ አይጉደል።

ሐ. ጥንቃቄ

ከልጆቻችን ብዙዎቹ ከባድ ነገር አይተው የመጡ ናቸው። ዓይንን ጨፍኖ ዝም ማለት ለአንዳንዱ ጨዋታውን ሳይሆን ያለፈውን ያመጣበታል። ስለዚህ «ዓይናችሁን ጨፍኑ» ብላችሁ አታስገድዱ፤ መረቡን እያዩ መለማመድ ይቻላል። መሳተፍ ያልፈለገም ይተው።

ልጁ ከተንቀጠቀጠ፣ ላብ ካጠመቀው፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ሲጠሩት ካልሰማ ወዲያው አቁሙ። በስሙ ጥሩት፤ የት እንዳለ ንገሩት፤ እግሩን መሬት ላይ ያሳርፍ፤ በዙሪያው የሚያያቸውን አምስት ነገሮች ይቁጠር። በጓደኞቹ ፊት «ምን ታየህ?» ብላችሁ አትጠይቁት። ሌሊት የሚቃዥ ወይም እንቅልፍ ያጣ ከሆነ ከወላጁ ወይም ከአሳዳጊው ጋር ተነጋግራችሁ ወደ ክሊኒክ አምጡት።

መ. ለውጡን እንዴት እናውቃለን?

በመጀመሪያው ቀን ከ10 ሰርቭ ስንቱ እንደገባ ጻፉ። ከ4 ሳምንት በኋላ እንደገና ቁጠሩ። ውጤቱን ለራሱ ለልጁ አሳዩት፤ ከሌላ ልጅ ጋር ግን አታወዳድሩት።