ስለ ቍጥር ዕውቀት፦ ከስንቱ? በስንት ጊዜ?

ስለ ሒሳብ እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ የቤታችን ዕዳ ነው። ነገሩን የምገልጸው እናቴን አስፈቅጄ ነው።

ካቻምና በሰኔ ወር እናቴ ፍየል ገዝታ ለማርባት ከአንድ ሰው 5,000 ብር ተበደረች። ወለዱ «ከመቶ ዐሥር» ነው ተባለ፤ ከዚህ በቀር የተጻፈም የተነገረም ነገር አልነበረም። እርሷም 500 ብር ጨምሬ እመልሳለሁ ብላ በልቧ ያዘች። አምና በታኅሣሥ ገንዘቡን ይዘን ስንሄድ ግን ሰውዬው 8,858 ብር አለን። እናቴ ወደ እኔ ዘወር ብላ «አንተ የተማርኸው፤ ልክ ነው?» ስትለኝ ዝም አልሁ። ያን ጊዜ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። በዚያው ሳምንት በሎጋሪዝም ፈተና ከ20 18 አግኝቼ፣ ወረቀቱን በደብተሬ ውስጥ ይዤው እዞር ነበር።

ማታ በኩራዝ ተቀምጬ ሠራሁት። ሰውዬው ያሰበው በየወሩ ዐሥር ከመቶ ነው፤ ወለዱም በየወሩ በዋናው ላይ ይደመራል። ስለዚህ 5,000 ብር በመጀመሪያው ወር 5,500 ይሆናል። በሁለተኛው ወር ዐሥሩ የሚታሰበው ከ5,500 ላይ ስለ ሆነ 6,050 ይደርሳል። በሦስተኛው 6,655፣ በአራተኛው 7,320.50፣ በአምስተኛው 8,052.55፣ በስድስተኛው 8,857.80 ይሆናል። ዓመት ቢሞላው ኖሮ 15,692 ብር በደረሰ ነበር። ወለዱ በዋናው ላይ ባይደመር በስድስት ወር የሚከፈለው 8,000 ብር ነው። «ከመቶ ዐሥር» የተባለው የዓመት ወለድ ቢሆን ደግሞ የግማሽ ዓመቱ 250 ብር ብቻ ነበር። እንግዲህ ሰውዬው በማባዛት አልተሳሳተም። የጐደለው «በወር» የሚለው ቃል ነው፤ እኛም አልጠየቅንም። ዕዳውን ለመክፈል የገዛናቸው ፍየሎች ተሸጡ።

ከ1 ላይ አንድ ዐሥረኛ ጨምሮ ስድስት ጊዜ ማባዛት በዚያው ዓመት በክፍል ውስጥ የተማርነው ነው። በሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ዐወቅሁት፤ በሰው አፍ ሲነገር ግን አላወቅሁትም። ከዚያ ወዲህ ማናቸውንም ቍጥር ስሰማ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፤ ከስንቱ? በስንት ጊዜ?

የከተማችንን ስም የያዘውን ጉዳይ እንመልከት። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ ባወጀው መሠረት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየው መቀንጨር እንደ አውሮጳ አቈጣጠር እስከ 2030 ድረስ እንዲጠፋ ታስቧል። መቀንጨር ማለት የሕፃኑ ቁመት ለዕድሜው ከሚገባው በብዙ ማነሱ ነው። በ2008 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተደረገው ጥናት 38 ከመቶ፣ በ2011 ዓ.ም. በተደረገው ደግሞ 37 ከመቶ የሚሆኑት ሕፃናት ቀንጭረው ተገኙ። ከስንቱ ብለን ብንጠይቅ፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ነው። ቃል ኪዳኑ ግን የሚናገረው ከሁለት ዓመት በታች ስላሉት ስለ ሆነ፣ አንዱን ቍጥር በሌላው ላይ ዝም ብሎ መለካት አይገባም። ደግሞም ከ38 ወደ 37 መውረዱ የቀነጨሩት ሕፃናት በቍጥር አነሱ ማለት አይደለም። ለምሳሌ ከ1,000 ሕፃናት 38 ከመቶው 380 ነው፤ ሕፃናቱ 1,100 ቢሆኑ ግን 37 ከመቶው 407 ይሆናል። በመቶኛ ወረደ፤ በሰው ቍጥር ወጣ። ይህን ለክፍል ጓደኞቼ ባሳየሁ ጊዜ ሁለቱ ተሳስተሃል ብለው እስከ ደጅ ድረስ ተከራከሩኝ።

በጤና ኬላ የሕፃናት ክንድ በጥብጣብ ሲለካ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነው በጽኑ እንደ ተጐዳ ይቈጠራል። ታዲያ በክፍላችን 11.5 ይበልጣል ወይስ 11.45 ተብሎ ሲጠየቅ፣ እጅ ካወጡት ብዙዎቹ 45 ከ5 ስለሚበልጥ 11.45 ይበልጣል አሉ። ከእኛ መካከል ነገ የጤና ሠራተኛ የሚሆን ይኖራል። ተማሪ ቤቱን ሳንለቅ መታረማችን ደግ ነው።

ሒሳብ የሚያስፈራን እንግዳ ነገር ስለሚመስለን ይሆናል። አያቴ ግን ባሕረ ሐሳብን በቃላቸው ያውቃሉ። በ5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምረው ለ4 ያካፍላሉ፤ 3 ከተረፈ ዘመኑ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜንም 6 ቀን ትሆናለች። 2015ን እንሞክር። ድምሩ 7515 ነው፤ ለ4 ሲካፈል 1878 ደርሶ 3 ይተርፋል፤ ጳጉሜንም በዚያ ዓመት 6 ሆናለች። አያቴ ይህን የሚሠሩት በጣታቸው አንጓ ነው። እኔ ስልኬን ከኪሴ ሳወጣ ጨርሰው ይሥቁብኛል።

ዘንድሮ ስድስት ሆነን ዐርብ ዐርብ ከትምህርት በኋላ እንሰበሰባለን። እያንዳንዱ ከቤቱ አንድ ቍጥር ያመጣል፤ የወፍጮ ዋጋ፣ የአውቶቡስ ትኬት፣ የማዳበሪያ ደረሰኝ። ሕጋችን አንድ ነው፤ ሁሉም አስቀድሞ ግምቱን በወረቀት ይጽፋል፣ ስልክም ከዚያ በፊት አይነካም። ግምት የሌለው ሰው ስልኩ ዜሮ ቢጨምርበት አያውቅምና።

ከሁሉ የወደድሁት የጣሪያው ጥያቄ ነው። ውሃ ምን ያህል እንደሚቸግረን ዋግ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ልክ 1 ሊትር ነው። ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 7 ሜትር ተኩል የሆነ መሬት የሚሸፍን የቆርቆሮ ጣሪያ ቢኖረንና 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ ስንት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሞላል? አንዱ ሁለት አለ፤ ሌላዋ መቶ አለች፤ እኔ አምስት አልሁ። ስንሠራው 60 በ10 ተባዝቶ 600 ሊትር፣ ይኸውም 30 ጀሪካን ሆነ። ከቆርቆሮው ተረጭቶ የሚጠፋ አለ፤ ቢሆንም ሩቡ ቢጠፋ እንኳ 22 ጀሪካን ሞልቶ ይተርፋል።

አሁን የተማሪ ቤታችንን ጣሪያዎች በሜትር እየለካን ነው፤ ሦስቱን ጨርሰናል። ወላጆችም በቤታችሁ ሞክሩት። አስቀድማችሁ ግን ግምታችሁን ጻፉ፤ ልጆቻችሁም የጻፋችሁትን ዐርብ ያምጡልን።